የኔታ ቆመው ማን ይቀመጣል

ሰርካለም በዚያ ማለዳ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ ያየችውን ባታይ ኖሮ ቀኑ እንደማንኛውም ቀን በዋለ ነበር። አባቷ የኔታ አዛናው ከሳሎኑ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሬዲዮኑ ከፊታቸው ወለሉ ላይ ነው፤ ድምፁ አጠገቡ ለቆመ ሰው እንኳ ከሹክሹክታ አይበልጥም። የኔታ የመቋሚያቸውን እግር ከሬዲዮኑ ላይ አሳርፈው፣ ራስጌውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ የጠዋቱን መዝሙር ያዳምጣሉ። ሌላ ሰው ቢያያቸው ይስቅ ነበር። ሰርካለም ግን የፊዚክስ አስተማሪ ናት፤ ድምፅ በአጥንት አልፎ ወደ ውስጥ እንደሚገባ በየዓመቱ ለተማሪዎቿ የምትናገረው እሷው ናት፤ ጆሮው ደህና የሆነ ሰው ሬዲዮ በጥርሱ እንደማይሰማ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማሰብ አላስፈለጋትም። እናቷ እትዬ ደጊቱ የጓዳውን መጋረጃ ይዘው ቆመው ኖሯል። ልጃቸው ማየቷን አዩ። ትክ ብለው አዩዋትና መጋረጃውን ለቀቁት። በዚያ ቤት ትልቅ ነገር ሁሉ የሚነገረው እንዲህ ነበር።

ካየች በኋላ ሌላውም ሁሉ ወለል ብሎ ታያት። እናቷ ለምን ሁልጊዜ ከአባቷ ፊት ለፊት እንደሚቀመጡ፣ እንግዳ አንድ ነገር ሲጠይቅ ለምን ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው “ክረምቱ እንዴት አለፈ ይላሉ፣ እንዴት አለፈ” እያሉ እንደሚደግሙት፣ ለካ ይኸው ነው። ደረሰ የሚባለው ጢማም ተማሪ ከየኔታ እግር ሥር ለምን ንቅንቅ እንደማይልም ገባት። የድጓ ተማሪ ዜማ ሲስት ደረሰ የየኔታን ጉልበት በክርኑ ነካ ያደርጋል፤ የኔታ “መልስ” ይላሉ፤ ተማሪውም ከሳተበት ይመለሳል። አቤት፣ ስንቱ ልጅ በደረሰ ክርን ድጓ ተማረ። ሰርካለም ስንት ጊዜ በዚያ ጉባኤ ደጃፍ አልፋለች፤ አይታም አላየች። ለሳይንስ ኤግዚቢሽኗ ብላ የሰው ጆሮ ስትለካ ከርማ የአባቷን ሳትለካ መቅረቷ አንገበገባት።

ያስፈራት ግን መደንቆራቸው አይደለም፤ ሽማግሌ ይደነቁራል፣ ምን ይደረግ። ያስፈራት የመምህርነት ወንበራቸው ነው። የደብሩ አስተዳዳሪ አባ ክንፈሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም የኔታን እንደ አባት ነው የሚያዩዋቸው። ግን የየኔታ ጆሮ ደከመ የሚለው ወሬ ሳይደርሳቸው አልቀረም። ከዱርቤቴ በኩል ድምፁ መረዋ የሆነ አንድ ወጣት መምህር መጥቶ በደብሩ ግቢ ካረፈ ሰነባብቷል። አባ ክንፈሚካኤልም በየአጋጣሚው “የኔታ ጆሯቸው እስካለ ወንበሩን የሚነካባቸው የለም” ማለት አብዝተዋል፤ “እስካለ” የምትለዋ ናት እትዬ ደጊቱን እንቅልፍ የነሳቻቸው። የኔታ አያርሱ፣ አይነግዱ፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ያንን ወንበር ነው። ወንበራቸውን ያጡ መምህራንን ሰርካለም ታውቃለች፤ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ ይውላሉ፣ ሰው ሰላም ሲላቸው ቀና ይላሉ፣ ብዙም አይቆዩ።

በዚሁ ላይ ደግሞ ዛሬ ኤግዚቢሽኑ የሚከፈትበት ቀን ነው። ደግሞ ዛሬ መራቂው የኔታ ናቸው።

ኤግዚቢሽኑ የሰርካለም ሥራ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ሦስተኛ ቢራዘም አዳራሹን ለሠርግ የተከራዩ ሰዎች ሊረከቡት ነበር። ሐሳቧ እንዲህ ነው፤ ሳይንስ ማለት በመስታወት ሳጥን የተቆለፈ ዕቃና ከሥሩ የተለጠፈ ጽሑፍ አይደለም፤ በቆሎ ሸጣ ወደ ቤቷ የምትመለስ ሴት ጎራ ብላ፣ አንድ ፊደል ሳታነብ፣ በራሷ እጅና በራሷ ዓይን የምትሞክረው ነገር ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ይነካል። አንድ ሕፃን ገመድ ሲስብ ሙሉ ኩንታል በቆሎ ከመሬት የሚያነሡ ተደራራቢ ተዘዋዋሪ ጎማዎች አሉ፤ የጋሪ ነጂዎች ናቸው የሰቀሉላት። የብስክሌት ጎማ በእጁ ይዞ የሚሽከረከር ሰው የሚቀመጥበት የቢሮ ወንበር አለ። የተቃጠሉ አምፖሎች ውሃ ተሞልተው የጤፍ ፍሬ አተር አሳክለው ያሳያሉ። በጨርቅ የተሸፈኑ የሽታ ሳጥኖች አሉ፤ ከነዚያ በአንዱ የቡሬ በርበሬ አለ፤ እሱ ጋ የደረሰ ሰው ሁሉ ሲያስነጥስ አዳራሹ ይስቃል። የጎማ ቱቦው፣ መስታወቱ፣ ማጣበቂያው፣ ገበያ በወጣች ቁጥር ዋጋው ሌላ ነበር፤ ነጋዴውን “ምነው፣ ባለፈው ሳምንት እኮ” ስትለው “ያ ባለፈው ሳምንት ነዋ” ይላታል።

ከሁሉ የምትወደው ግን “የጆሮ ደረጃ” ያለችውን ነው። ሰዎች በረጃጅም አግዳሚ ወንበሮች ፊት ይቆማሉ። ከድምፅ ማጉያው ወፍራም ድምፅ ይጀምርና ቀስ በቀስ እየቀጠነ ይሄዳል፤ መጨረሻው ላይ እንደ ትንኝ ቀጥኖ ይጠፋል። የጠፋበት ሰው ይቀመጣል። በዕድሜ የገፋው ቀድሞ፣ ጎልማሳው ቀጥሎ፣ ሕፃናቱ መጨረሻ ይቀመጣሉ፤ ምንም ሳይነገር ሰው የጆሮን እርጅና በዓይኑ ያያል። በክፍሏ ስትሞክረው እንደ ልቧ ሆኖላት ነበር። እሷ ቀድማ ስትቀመጥ ተማሪዎቹ በጭብጨባ ክፍሉን አናጉት። ለሳምንታት እራት ላይ ስታወራው የነበረው ይህንን ነው፤ እናቷም አባቷ ፊት ተቀምጠው “የጠፋበት ይቀመጣል አለች፣ ይቀመጣል” ሲሉ ከርመዋል። ሰርካለም ያኔ እናቷ ሥራዋን የወደዱላት መስሏት ነበር።

አዳራሹ ስትደርስ ወንድሟ ስመኘው በሩ ላይ ሪባን ያስራል። ስመኘው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የዝግጅቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነው፤ ቤት የሚመጣው እሑድ እሑድ ነው፤ መጥቶም የሚያወራው ስለ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ነው፤ አባቱ ሲሰሙት ሲነቀንቁለት ደስ ብሎት ይሄዳል።

“ጋሼ፣ አባባ ዛሬ ቢቀሩስ?” አለችው። “ደክሟቸዋል።”

“ማን ነው ደክሟቸዋል ያለሽ? ትናንት አይቻቸው ደህና ናቸው።”

“ብዙ መቆም አለ። ምርቃቱን አባ ክንፈሚካኤል ያድርሱት።”

ስመኘው ሪባኑን ለቀቀና ዞር ብሎ አያት። “እስቲ እውነቱን ንገሪኝ። ከባሕር ዳር በሚመጡት እንግዶች ፊት የአባትሽ ጋቢ አሳፍሮሽ ነው?”

ምን ትበለው? እውነቱን መንገር ትችል ነበር። ግን ስመኘው ልቡ ንጹሕ ነው እንጂ አፉ አያርፍም፤ ከአባ ክንፈሚካኤልም ጋር በአንድ ኮሚቴ ነው የሚቀመጠው። አዝኖ፣ አልቅሶ፣ “አባታችን እኮ ጆሯቸው ሄደ” ብሎ ለሁሉም ይነግራል፤ እስከ ምሳ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያልሰማ አይቀርም። ስለዚህ ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን ለነገሩ መልስ አድርጎ ወሰደውና “አይ ሰርኬ” ብሎ ጀርባውን ሰጣት። ይህ የበለጠ አመማት፤ ግን ዋጠችው።

የቀራት የራሷ ዘዴ ነው። የጆሮውን ደረጃ ከአዳራሹ መሀል አንሥታ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው ጥግ ወሰደችው፤ አግዳሚዎቹን ስትጎትት አስተባባሪ መምህራኑ “ምነው ጥሩ ቦታ ላይ ነበር እኮ” አሏት፤ “እዚያ ድምፁ ያስተጋባል” ብላ ዋሸች። ደረሰ ደግሞ የኔታን ይዞ ሲመጣ በር ላይ ጠብቃ ጎተተችው።

“ምርቃቱ እንዳለቀ ባጃጅ ይዘህ ና” አለችው። “እሳቸው አሜን ሲባል ይውጡ። አንድ ደቂቃ እንዳይቆዩ።”

ደረሰ አያት። እሷም አየችው። ሁለቱም ማወቃቸውን ተዋወቁ። “እሺ እመቤት” አለና ወደ መንገዱ ወረደ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ በገዛ አፏ ያንን ክርን ከየኔታ ጉልበት ያራቀችው በዚህ ሰዓት ነበር። ያኔ ግን ብልሃት መስሏታል።

ሰው ሞላ። ተማሪዎች፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች፣ ጋሪያቸውን ደጅ አስረው የገቡ፣ ከገበያ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ጎራ ያሉ፣ ከቡሬ ድረስ በሚኒባስ የመጡ መምህራን። የኔታ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው መሀል ቆሙና መረቁ፤ ድምፃቸው አሁንም ያምራል፤ ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ጆሯቸው ሄዷል ብሎ አይጠረጥርም። ሕዝቡ አሜን አለ። ሰርካለም በሩን አየች። ደረሰ የለም። ሚኒባሶቹ መጥተው ስለነበር ባጃጁ ሁሉ ወደ መናኸሪያው ወርዷል። የኔታን ደግሞ አንዱ እጃቸውን ይዞ፣ ሌላው ትከሻቸውን ደግፎ፣ የክብር ቦታ ብለው ከባሕር ዳሯ እንግዳ ከወይዘሮ ሰብለ ጎን አኖሯቸው። ከወዲያ በኩል አባ ክንፈሚካኤል አሉ። የዱርቤቴው ወጣት መምህርም ከኋላቸው ቆሟል።

ወይዘሮ ሰብለ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው፤ እሳቸውም በዘመናቸው ፊዚክስ አስተምረዋል። ዝግጅቱን ከወደዱት ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳል፤ ሰርካለምም ሥራዋ ይኸው ብቻ ይሆናል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ከአንዱ ወደ አንዱ እየተዘዋወሩ ሁሉንም በእጃቸው ሞከሩ። ገመዱን ሳቡ፤ ወንበሩ ላይ ተሽከረከሩ፤ በርበሬው አስነጠሳቸውና ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። ሰርካለም ለትንሽ ጊዜ ፍርሃቷን ረሳችው ማለት ይቻላል። ሰው ሥራዋን እየነካ ሲደሰት ማየት፣ ይህን ነበር ያለመችው።

“ያኛው የታለ?” አሉ በኋላ። “በዕቅዱ ላይ ያነበብኩት፣ የጆሮው። እኔ እኮ እሱን ብዬ ነው የመጣሁት።”

ሰርካለም “ማጉያው ትንሽ ያስቸግራል” ልትል አፏን ስትከፍት ስመኘው “ከመድረኩ ኋላ ነው፣ በዚህ በኩል” ብሎ መንገድ አሳየ። መብራት ይጥፋ ብላ በልቧ ለመነች። በዚያ ከተማ መብራት የማይጠፋበት ቀን የለም፤ ልብስ ሲተኮስ ይጠፋል፣ ፈተና ሲባዛ ይጠፋል፣ ሬሳ ሲገነዝ ይጠፋል። ዛሬ ግን አምፖሎቹ ብልጭ እንኳ አላሉም።

ሰዉ በአግዳሚዎቹ ፊት ቆመ። የኔታ ዳር ላይ ነበሩ። ሰርካለም ጠጋ ብላ “አባባ፣ እርስዎ ይረፉ፣ ወንበር ላምጣ” አለች በእጇ ጭምር እያሳየች። የኔታ የእጇን አኳኋን አይተው የተባሉትን አወቁ። አወቁና አባ ክንፈሚካኤልን አዩ። አባ ክንፈሚካኤልም እያዩዋቸው ነው። እዚህ ላይ መቀመጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል።

“እቆማለሁ” አሉ የኔታ በለሰለሰ ድምፅ። “የልጄ ሥራ አይደል?”

ሰርካለም ደንቡን ተናገረች፤ ኮምፒዩተሩን ነካች። ወፍራሙ ድምፅ ወለሉን አንቀጥቅጦ ጀመረ። ቀጠነ። የኔታ አንገታቸውን ሳያዞሩ በዓይናቸው ጥግ ሰዉን ይጠብቃሉ፤ ሰው መቀመጥ ሲጀምር እሳቸውም ከመሀለኞቹ ጋር ሊቀመጡ ነው። ብልሃታቸው ገባት። ድምፁ ቀጠነ፣ ይበልጥ ቀጠነ። ማንም አልተቀመጠም። የመጀመሪያው ሊሆን የሚገባው ሸምገል ያለ የማዘጋጃ ቤት ሰው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ ወደ የኔታ አየና መልሶ ተገተረ። ወይዘሮ ሰብለ ቆመዋል። አባ ክንፈሚካኤል ቆመዋል። ጎልማሶቹ፣ መምህራኑ፣ ሁሉም እንደ ተተከለ ቆሟል። ድምፁ ለሰርካለም ጠፋ፤ ለሕፃናቱም እንደሚጠፋ ከምታውቅበት ቦታ ደረሰ፤ ጨርሶ ቆመ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ጭጭ ባለው አዳራሽ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ቀረ። የኔታ ሰዉ እስኪቀመጥ ይጠብቃሉ፤ ሰዉ የኔታ እስኪቀመጡ ይጠብቃል።

ያኔ ነው የገባት። ክፍሏ ውስጥ ሽማግሌ አልነበረም። ፎርሙላውን፣ ማጉያውን፣ የአግዳሚውን ርዝመት ሁሉ አስባ፣ በዚህ አገር መሪጌታ ቆሞ የሚቀመጥ ሰው እንደሌለ ማሰብ ረሳች። የገዛ አገሯን፣ የገዛ ቤቷን ሰው። ግን ደግሞ፣ ተመስገን፣ ያ ስሕተቷ አባቷን ሸሸጋቸው። ዕንባዋ መጣ። “አበቃ” አለች፤ ሰዉ ሳቀ፣ “ሁላችንም ሰማነው” ተባባለ፣ የኔታም ሰዉ ሲስቅ አይተው ፈገግ አሉ። የነገሩ መጨረሻ ይህ በሆነ ምን ነበረበት።

ወይዘሮ ሰብለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ክፋት የለባቸውም፤ የሥራ ሰው ናቸው። “ይህ አይሠራም” አሉ ቀስ ብለው። “እኔ ለምሳሌ ከመሀል ጀምሮ አልሰማሁም። የቆምኩት የኔታ ስለቆሙ ነው። ሌላውም እንደኔ ነው። በወረቀት ላይ ያምራል፤ ለሕዝብ ሲቀርብ ግን አልሠራም።” ከዚያ ወደ ስመኘው ዞረው “ሌላውስ ምን አለ?” አሉና ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ።

አይሠራም። ሰርካለም በዕድሜዋ ብዙ ክፉ ነገር ተብላለች፤ እንዲህ ያመማት ግን የለም። ያ ሁሉ ወራት፣ ያ ሁሉ ልመና፣ ያ ሁሉ የገበያ ውጣ ውረድ በአንድ ቃል ሲወድቅ ደሟ ፈላ። ስሕተቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ መፍትሔውም ግልጽ ነው፤ ከአፏ ሲወጣ እሷም ገና እየሰማችው ነበር።

“ዓይናችንን ብንጨፍን ይሠራል” አለች። “ሰው ማን እንደቆመ ካላየ፣ በጆሮው ብቻ ነው የሚቀመጠው።”

ወይዘሮ ሰብለ ቆም አሉ። ፊታቸው በራ። “እንዴ፣ ልክ ነሽ” አሉ። “በሉ እንደገና እንሞክር። ሁላችሁም ዓይናችሁን ጨፍኑ።”

ቃሉ ከወጣ በኋላ ማን ይመልሰዋል። ሰርካለም አባቷን አየች። የኔታ የተባለውን አልሰሙም፤ ግን ሰዉ ዓይኑን ሲጨፍን አዩ። አንድ አፍታ ግራ ገባቸው። ከዚያ እሳቸውም ጨፈኑ። ሊያጭበረብሩ ይችሉ ነበር፤ አጨንቁረው ማየት ይችሉ ነበር፤ ማንም አያያቸውም። የኔታ ግን ጨፍኑ ተብሎ ሕዝብ ሲጨፍን የሚያጨነቁሩ ሰው አይደሉም።

ማሽኑ ተበላሸ ማለት ነበረባት። ሽቦውን በእግሯ መንቀል ነበረባት። ወይዘሮ ሰብለ ዓይናቸውን ጨፍነው “ቀጥዪ እንጂ” አሉ፤ ስመኘውም ጨፍኖ በጉጉት ይጠብቃል፤ እጇ ቁልፉን ነካ።

ወፍራሙ ድምፅ ጀመረ፤ ቀጠነ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ተቀመጠ፤ አግዳሚው ሲጢጥ አለ። ከቡሬ የመጡት መምህር ተቀመጡ። ወይዘሮ ሰብለ ተቀመጡ። አባ ክንፈሚካኤል ጥቂት ቆይተው ተቀመጡና ዓይናቸውን ገለጡ። ከዚያ ጎልማሶቹ ተከተሉ፤ ስመኘው ተቀመጠ፤ የዱርቤቴው መምህር ተቀመጠ፤ ወጣቶቹ ተቀመጡ። የተቀመጠ ሁሉ ዓይኑን ይገልጣል፤ የገለጠ ሁሉ የሚያየው አንድ ነገር ነው። ሕፃናቱም ከመጨረሻው ቀጭን ድምፅ ጋር እየተንሾካሾኩ ተቀመጡ። ድምፁ አለቀ።

የኔታ አዛናው ብቻቸውን ቆመዋል። የድጓ መምህር ከሰው ቀድሞ ተቀመጠ እንዳይባል፣ መዘግየት ይሻላል ብለው ሳይሆን አይቀርም። ዓይናቸው እንደ ተጨፈነ ነው። ፊታቸው ደግሞ ዜማው የሰመረለትን ተማሪ ሲያዳምጡ የሚያሳዩት ፊት ነው፤ ቅንድባቸው ከፍ ብሏል፣ አንገታቸው በቀስታ ላይና ታች ይላል። ምንም በሌለበት ነቀነቁ። አንድ ሕፃን ልትስቅ ስትል እናቷ አፏን ያዘቻት። አባ ክንፈሚካኤል አንገታቸውን ደፍተው ወለሉን ያያሉ፤ ከኋላቸው ወጣቱ መምህር ፊቱ ቀልቷል። የስመኘው አፍ እንደ ተከፈተ ቀርቷል፤ አንዴ አባቱን ያያል፣ አንዴ እህቱን፤ የጠዋቱ ነገር አሁን ገና ገብቶት ፊቱ ላይ ደም አልነበረም።

ከኮምፒዩተሩ እስከ አባቷ ያለውን መንገድ ሰርካለም እንዴት እንደሄደችው አታውቀውም። እጇን ክንዳቸው ላይ አሳረፈች። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። የተቀመጠውን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አዩት። መቼም የሰው ፊት ሲለወጥ ማየት ከባድ ነው፤ የገዛ አባት ፊት ሲሆን ደግሞ አይጣል ነው። እሳቸው እንዳዩት ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ሽማግሌው፣ ጎልማሳው፣ ወይዘሮ ሰብለ፣ አባ ክንፈሚካኤል፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ። በክብር ነው፤ ማንም ክፉ አላሰበም። የኔታ ግን ያን ሁሉ ሰው ቆሞ ሲያዩት በእጃቸው ወደ አግዳሚዎቹ አመለከቱ።

“ተቀመጡ ልጆቼ” አሉ። “ኧረ ተቀመጡ።” እሳቸውም ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ደረሰ ባጃጅ አግኝቶ ሲደርስ ሁሉም አልቆ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ የሰዉን ፊት አየ፤ ማንንም አልጠየቀም። የኔታን በአንድ ወገን እሱ፣ በሌላው ሰርካለም ደግፈው አወጧቸው። አባ ክንፈሚካኤል እስከ ደጅ ሸኟቸውና ጉልበታቸውን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ “የኔታ፣ ነገ ተነገወዲያ ብቅ ብዬ እንጨዋወታለን” አሉ፤ ሰርካለም ምን ሊጨዋወቱ እንደሆነ ለመገመት አልተቸገረችም። ወይዘሮ ሰብለ ከኋላ ሆነው ሊጠሯት እጃቸውን አነሡና መልሰው አወረዱት። ደረሰ ከጉባኤው ልጆች ጋር በእግሩ ሊመጣ ቀረ። የባጃጁ በር ተዘጋ።

መንገዱ በጋሪና በሰው ተጨናንቋል። ባጃጇ እየተንገጫገጨች ትሄዳለች፤ የኔታ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሀል ይዘዋል። ሰርካለም የሚቆጡኝ ከሆነ ይቆጡኝ ብላ ጠበቀች። ቢቆጧት፣ ቢረግሟት፣ በመቋሚያው ቢመቷት ይቀላት ነበር።

“ሥራሽ ደግ ነው” አሉ የኔታ በድንገት። ጮኸው ነው የተናገሩት። እስከዛሬ ድምፃቸውን ለክተው፣ አለስልሰው ነበር የሚያወጡት፤ አሁን መለካቱን ተዉት። ባለባጃጁ በመስታወቱ አያቸው። “ደክመሽበታል። ይሠራል።”

“አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ” አለች። እናቷ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ፊት ለፊታቸው ሆና አልነበረም፤ ጎን ለጎን ተቀምጣ፣ ወደ እጇ እያየች ነው የተናገረችው።

የኔታ ወደ እሷ ዞሩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይነቀንቁ ነበር። እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ደገኑ።

“አልሰማሁሽም ልጄ” አሉ። “ጮክ በይ።”

ባለባጃጁ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ አንገቱን ወደ ኋላ ሰበቅ አደረገ። ከጎናቸው ባለጋሪው ሳይቀር አያቸው። ሰርካለም አፏን ከፈተች። ያንን ነገር በዚያ ድምፅ ማለት አልቻለችም።

“ደርሰናል ነው ያልኩት” አለች ጮክ ብላ።

የኔታ በባጃጇ ጎን ወደ ውጭ አዩ። ገና ገበያው ጋ ነበሩ።